ጎልፍ ለጀማሪ፦ የትኛው የመለማመጃ ዕቃ ገንዘቡን ያወጣል?

በዋሽንግተን ዙሪያ ብርዱ አልፎ ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጓደኛ፣ የጓደኛ ጓደኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሰው፣ ሁሉም ሊንክ ይልክልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ይሄን ልግዛ?» ሊንኩን ስከፍተው አንዱ ክንድ ላይ የሚታሰር ፕላስቲክ ነው። ሌላው ጫፉ ላይ ከባድ ኳስ ያለው ተጣጣፊ ዘንግ ነው። ሌላው ደግሞ መሃሉ ላይ እንደ በር የሚታጠፍ ዱላ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ ሁለቴ ይወዘውዘዋል፤ ሦስተኛው ላይ ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሰውዬው ግን ድሮም ጎልፍ የሚችል ሰው ነው። እሱን ማስታወቂያው አይናገርም።

እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ማታ ማታ እየሠራሁ ጠዋት መለማመጃ ሜዳ፣ ሬንጅ የምንለው ቦታ፣ የምሄድ ተራ ተጫዋች ነኝ። ግን ጎልፍ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ዕቃ በእጄ አልፏል። የገዛሁት አለ፣ የተዋስኩት አለ፣ ጓደኞቼ ሰልችቷቸው ጋራዤ ውስጥ ጥለውልኝ የሄዱት አለ። ጀማሪዎች ሲለማመዱም አጠገባቸው ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። የቱ ዕቃ እንደረዳቸው፣ የቱ አቧራ እንደጠጣ አውቃለሁ። የምጽፈው ለጀማሪ ብቻ ነው። ዓመታት የተጫወተ ሰው የሚፈልገው ሌላ ነው።

አንድ ዕቃ ሳይ የምጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው። ኳሷን በመታሁበት ቅጽበት ምን እንደሆነ ይነግረኛል ወይ? የመለማመጃ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይነግራችኋል፤ «እዚህ ጋ መታህ፣ እዚያ ጋ አነጣጠርክ» ይላል። ሁለተኛው ያስገድዳችኋል፤ ክንዳችሁን ያስራል፣ የእጅ አንጓችሁን ያደርቃል፣ ክርናችሁን ያጣብቃል። የሚያስገድደው ዕቃ እላያችሁ ላይ እያለ ስዊንጋችሁ፣ ማለትም ዱላውን የምትወዘውዙበት መንገድ፣ ያማረ ይመስላል። ሲፈታ ግን ስዊንጉም አብሮት ይሄዳል። ጀማሪ ደግሞ ለምን እንደታሰረ ስለማያውቅ ሲፈታ ምን ይዞ መቀጠል እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው የሚናገረውን ዕቃ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ከሚናገሩት ዕቃዎች አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው።

ገጠር ወይም ትንሽ ከተማ ያደግን ሰዎች ገና ተጫውተናል። እሩሯ ትሮጣለች፣ እኛም እንሮጣለን፣ በደረስንበት እንመታለን። የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ ማንም አይጠይቅም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ሁሉም ይታለፋል። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቆማ ትጠብቃችኋለች። ጊዜው ሁሉ የእናንተ ነው። ግን የዱላው ፊት 1 ዲግሪ ዞር ካለ ዋጋ ያስከፍላል። ገና ላይ የለመድነው ጉልበት እዚህ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ማየት ነው፤ የት እንደቆምን፣ የት እንደመታን።

ከሁሉ በፊት ግዙ የምለው ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን ነው። አላይንመንት ስቲክ ይባላሉ። 1 ሜትር ከ20 ገደማ የሚረዝሙ የፋይበርግላስ ዘንጎች ናቸው። ጎልፍ ሱቅ ውስጥ ጥንዱ 20 ዶላር አካባቢ ነው። የግንባታ ዕቃ መደብር ከሄዳችሁ ግን በረዶ ሲጥል የመኪና መግቢያውን ጠርዝ ለማሳየት የሚተከሉት ብርቱካንማ ዘንጎች አሉ። ያው ነገር ናቸው፣ ዋጋቸው ግን የጥቂት ዶላር ነገር ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የፋይበርግላሱ ገጽ ሲያረጅ ይሰነጠቅና እሾህ የመሰለ ነገር እጅ ውስጥ ይገባል። የምትይዙበትን ቦታ በፕላስተር ጠቅልሉት።

ለምን እነሱን አስቀደምኩ? በቀኙ የሚመታ ጀማሪ እግሮቹን ኢላማው የሆነው ባንዲራ ላይ ያነጣጥራል። ልክ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ኳሷ ከእግሩ ፊት ለፊት ራቅ ብላ ስለተቀመጠች እግሮቹ ባንዲራውን ካዩ ኳሷ የምታየው ከባንዲራው በስተቀኝ ነው። ትንሽ ይመስላል? ሰውነት በ5 ዲግሪ ከተሳሳተ 150 ሜትር ላይ ኳሷ ከኢላማው 13 ሜትር ትርቃለች። ከዚያ ሰውነት ራሱ ነገሩን ሊያስተካክል ይሞክራል። እጅ ኳሷን ወደ ግራ ይጎትታል። ሰውዬው «ስዊንጌ ተበላሽቷል» ይላል፤ የተበላሸው አቋቋሙ ነው።

አንድ የማከብራቸው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ። አብረን ሬንጅ እንሄዳለን። አንድ ጠዋት ኳሳቸው ሁሉ ወደ ግራ እየሄደ ተናደዱ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው ያነጣጠሩት?» አልኳቸው።

«ባንዲራዋ ላይ ነዋ! ወዴት ላነጣጥር ታዲያ?»

ዘንጉን ከጫማቸው ጫፍ ጋር አስተካክዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ከኋላ መጥተው እንዲያዩ ለመንኳቸው። ዘንጉ የሚያመለክተው ከሜዳው በስተቀኝ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ነበር። ትንሽ ዝም ብለው አዩትና፣ «እንግዲያው ኳሷ ጥፋት የለባትም» ብለው ሳቁ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አንዱን ዘንግ ከኳሷ ባሻገር ወደ ኢላማው አነጣጥራችሁ አስቀምጡ። ሁለተኛውን ከእሱ ጎን ለጎን፣ በጫማችሁ ጫፍ በኩል። ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ከዚያ ኳስ ከመምታታችሁ በፊት ወደ ኋላ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ይቺን መመልከት አትዝለሏት፤ ዘንጉን አስቀምጦ የማያየው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ብዙ የምለው ያለኝ ነገር ላይ ደረስኩ፤ ምንጣፉ። አብዛኛው ጀማሪ የሚለማመደው በሬንጅ ላይ ካለው አርቲፊሻል ሳር ወይም ኢንተርኔት ላይ ካገኘው ትንሽ ማት ላይ ነው። ምንጣፉ ደግ ነው። ደግነቱ ግን ያሳስታል። በአይረን፣ መሬት ላይ ያለች ኳስ በሚመታበት የብረት ዱላ፣ ሲመታ ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ከዚያ መሬቱን ነው መንካት ያለበት። ጀማሪ በብዛት የሚያደርገው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ከኳሷ ኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ መሬቱን ይመታል። እውነተኛ ሳር ላይ ቢሆን ዱላው አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ኳሷም ጥቂት ሜትር ተንከባልላ ትቆማለች። ምንጣፍ ላይ ግን ዱላው ይንሸራተትና ኳሷን ያገኛታል። ኳሷ ትነሳለች፣ ድምፁም ያምራል። ሰውዬው ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። ቅዳሜ ሜዳ ላይ ሲወጣ፣ «ሬንጅ ላይ እኮ እንደዚህ አልነበረም» ይላል።

ለዚህ የሚሸጥ ዕቃ ሞልቷል፤ የመሬቱን ምት ቀለሙን ቀይሮ የሚያሳይ ሰሌዳ ሁሉ አለ። ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን ይከብዳል። እኔ የምጠቀመው የእጅ ፎጣ ነው። ፎጣውን አጥፌ ከኳሷ ኋላ አንድ መዳፍ ያህል፣ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ዱላው ፎጣውን ከነካ ከኋላ መትቻለሁ ማለት ነው። ካልነካ ጥሩ ነው። ክርክር የለም። መጀመሪያ ላይ ፎጣው ኳሷን ተከትሎ ሲበር ታያላችሁ፣ አይዟችሁ። በግማሽ ስዊንግ ጀምሩ፣ ሲለመድ ጨምሩ። ይሄ ለአይረን ነው። ድራይቨር፣ ኳሷን ሩቅ የሚልከው ረጅሙ ዱላ፣ ላይ ኳሷ በቲ፣ መሬት ላይ በምትተከል ትንሽ ማስቀመጫ፣ ከፍ ብላ ስለምትቀመጥና ዱላው ወደ ላይ እየወጣ ስለሚያገኛት ፎጣው እዚያ ቦታ የለውም።

ሳር ያለው ሬንጅ ካገኛችሁ ደግሞ ምንም አትግዙ። መሬቱ ራሱ ይናገራል። ከመታችሁ በኋላ ሳሩ የተገነጠለበትን ቦታ ተመልከቱ። ግንጥሉ ኳሷ ከነበረችበት ቦታ ወዲያ፣ ወደ ኢላማው በኩል ከጀመረ ጎበዝ ናችሁ። ከኋላ ከጀመረ ወደ ፎጣው ተመለሱ።

ቤት ለማስቀመጥ ምንጣፍ የምትገዙ ከሆነ ስስ አትግዙ። ኮንክሪት ላይ የተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ላይ ደጋግሞ የሚመታ ሰው ክርኑንና የእጅ አንጓውን ያመዋል። ዱላው ወደ ታች ይመጣል፣ መሬቱ አይበገርም፣ ንዝረቱ ክንድ ውስጥ ይገባል። የክርን ውስጠኛ ጎን ላይ ለሚሰማው ሕመም ሐኪሞች የጎልፍ ተጫዋች ክርን የሚል ስም አላቸው። ሲይዝ ቶሎ አይለቅም። በመኪና ሥራ የምንተዳደር፣ ዕቃ የምናነሳ፣ ሆስፒታል ሕመምተኛ የምናገላብጥ ሰዎች ክንዳችን እንጀራችን ነው። ርካሽ ምንጣፍ እዚህ ጋ ውድ ይሆናል። ወፍራሙን መግዛት ካልቻላችሁ ጭራሽ ይቅር፤ ሬንጅ ሂዱ።

ሌላው ጀማሪ የማያውቀው ነገር ኳሷ የዱላው ፊት ላይ የት እንዳረፈች ነው። መሃል ላይ? ጫፉ ላይ? እጀታው ሥር? ሦስቱም እጅ ላይ የሚሰጡት ስሜት የተለያየ ነው፣ ግን ስሜቱን ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ የሚለጠፍ ወረቀት ይሸጣል። ኳሷ ስታርፍበት ምልክት ይተዋል። የእግር ሽታ ማጥፊያ ፓውደር ስፕሬይም ያንኑ ይሠራል። ፋርማሲ ውስጥ ከ10 ዶላር በታች ታገኙታላችሁ። የዱላውን ፊት ስስ አድርጋችሁ ንፉት። ነጭ ይሆናል፣ ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ላይ ክብ ምልክት ይቀራል። በጨርቅ ይጠረጋል። ነጭ ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበትን ማርከር ወስዶ ኳሷ ላይ ወፍራም ነጥብ ማድረግም ይቻላል። ነጥቡን ዱላው ወደሚያገኘው ጎን አዙሩት፤ ስትመቱ ቀለሙ ዱላው ላይ ይቀራል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ማርከሩን ነው የምይዘው። ጎረቤት ላይ አይበተንም።

ይሄን ከሞከሩ ጓደኞቼ አንዷ «ኳሴ ወደ ቀኝ ትሄድብኛለች» እያለች ስዊንጓን ልትቀይር ትለፋ ነበር። ማርከሩ ሲታይ ሁሉም ምት ጫፉ ላይ ነው። ከኳሷ ርቃ ነበር የምትቆመው። ትንሽ ቀረበች። ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፣ ግን ግማሹ ቀለለ። ያለ ምልክቱ ይሄን ማንም አይገምትም ነበር።

ስለ ፓተር፣ ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ቀዳዳው ስለምናንከባልልበት ዱላ፣ ደግሞ እናውራ። እዚህ ጋ ጀማሪ ገንዘቡን አያወጣም፣ ልምምዱንም አያደርግም። ፓር 72 የሆነ ሜዳ፣ ማለትም ጎበዝ ተጫዋች በ72 ምት ይጨርሰዋል የሚባል ሜዳ፣ ሲታሰብ በየግሪኑ፣ ቀዳዳው ባለበት አጭር ሳር ላይ፣ ሁለት ፓት፣ የፓተር ምት፣ ተይዟል። 18 ቀዳዳ በ2፣ 36 ማለት ነው። ግማሹ! ጀማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁለት በላይ ነው የሚፈጅበት። ሆኖም ሬንጅ ስትሄዱ ድራይቨር የሚመታው ተሰልፏል፣ መለማመጃ ግሪኑ ባዶ ነው። በነጻ ነው እኮ! ባልዲ ኳስ ለመግዛት ገንዘብ የሚያጥርበት ቀን ሲኖር እኔ ግሪኑ ላይ ነኝ።

የቀዳዳው ስፋት 10.8 ሴንቲሜትር ነው። ከ3 ሜትር ርቀት የፓተሩ ፊት 1 ዲግሪ ብቻ ዞር ካለ ኳሷ ከመሃሉ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ትርቃለች። ያ የቀዳዳው ጠርዝ ነው። ከዚያ በላይ ከዞረ አለቀ። ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ይቺን 1 ዲግሪ የሚያሳይ ነው። የብረት ማስመሪያ ግዙ። 91 ሴንቲሜትር የሚረዝመውን፣ ልብስ ሰፊ ጨርቅ የሚለካበትን ዓይነት። ምንጣፍ ላይ አስቀምጡት። ኳሷን አንዱ ጫፍ ላይ አድርጋችሁ በማስመሪያው ላይ እስከ ሌላው ጫፍ እንድትንከባለል ምቱ። የፓተሩ ፊት ትንሽ ከዞረ ኳሷ መንገድ ላይ ትወድቃለች። መጀመሪያ ያበሽቃል። ግን ሳሎን ውስጥ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ልትሠሩት የምትችሉት ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላየሁም።

ግሪን ላይ ከሆናችሁ ሁለት ቲ ይበቃችኋል። ከፓተሩ ጭንቅላት ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ግራና ቀኝ ትከሏቸው። ፓተሩ በመሃላቸው ሳይነካቸው ማለፍ አለበት። ታይገር ውድስ ከውድድር በፊት እንዲህ ሲለማመድ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ስለ ቲ ካነሳን አይቀር፣ የእንጨት ቲን በ1899 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ዶክተር ጆርጅ ግራንት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ሰው እርጥብ አሸዋ እየቆለለ ነበር ኳሱን የሚያስቀምጠው። ጥቁሮች በብዙ ሜዳዎች እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። እዚሁ ዋሽንግተን ያለው ላንግስተን የጎልፍ ሜዳ በ1939 የተከፈተው ጥቁር ተጫዋቾች በአብዛኞቹ ሌሎች ሜዳዎች ስለማይፈቀድላቸው ነበር። በ1975 በማስተርስ ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሊ ኤልደርም ኋላ ላይ ይህን ሜዳ አስተዳድሯል። «ጎልፍ የእኛ አይደለም» የሚለኝ ወዳጅ ሲገጥመኝ ይሄን ነው የምነግረው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ቤት ውስጥ የሚነጠፈው የፓተር ማት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ ዳገት አላቸው። ኳሷ ዳገቱን ወጥታ ቀዳዳው ውስጥ ትገባና በቦዩ ተንሸራታ ወደ እናንተ ትመለሳለች። ያዝናናል። ግን ዳገቱን ለማውጣት ጠንከር አድርጋችሁ ትመታላችሁ፣ እጃችሁም ያንን ይለምዳል። ሜዳ ላይ ስትወጡ ኳሷ ቀዳዳውን አልፋ ትሄዳለች። ጠፍጣፋውን ምረጡ። ወይም ያላችሁን ምንጣፍ ተጠቀሙ፤ በቀዳዳ ፈንታ ሳንቲም አስቀምጡና ኳሷን በላዩ ለማሳለፍ ሞክሩ። ሳንቲም ላይ ያነጣጠረ ሰው ቀዳዳው ሜዳ ላይ ሰፊ ሆኖ ይታየዋል።

አያያዝ ላይ፣ የጣት ቅርጽ የተቀረጸበት የጎማ እጀታ ይሸጣል። የሚያስገድድ ዕቃ አልወድም ብያለሁ፣ ይሄ ግን የተለየ ነው። እጅ የት እንደሚቀመጥ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሳያል። ዋጋውም ቀላል ነው። ጉድዊል የሚባለው ያገለገለ ዕቃ መደብር ሂዳችሁ አንድ አሮጌ አይረን በጥቂት ዶላር ግዙና እሱ ላይ አድርጉት። ቴሌቪዥን እያያችሁ ያዙት፣ ልቀቁት፣ እንደገና ያዙት። ጓንታችሁንም ተመልከቱ። መዳፉ ግርጌ ላይ፣ ከእጅ አንጓ በላይ ባለው ቦታ ቶሎ የሚቀደድ ከሆነ ዱላው እጃችሁ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ነው። ጓንት ያረጀበትን ቦታ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው፣ ለአስተማሪ ብታሳዩት ግን ወዲያው ይገባዋል።

ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ተጣጣፊ ዘንግ? ጥሩ ነው፣ እወደዋለሁ። ስትጣደፉ ይንቀጠቀጣል፣ ስትረጋጉ አብሯችሁ ይሄዳል። ለማሟሟቂያም ይሆናል። ግን ታዋቂዎቹ 100 ዶላር አካባቢ ናቸው። ጀማሪ መጀመሪያ የሚያስፈልገው እሱ አይደለም። የሚታጠፈው ዱላም እንዲሁ፤ ስዊንጋችሁ ሲጣደፍ መሃሉ ላይ ይታጠፍና ያሳፍራችኋል። ከሰው ተውሳችሁ አንድ ከሰዓት ሳቁበት፣ መልሱለት። ሁለቱንም ቤት ውስጥ ከመወዝወዛችሁ በፊት ወደ ላይ እዩ። የአሜሪካ አፓርታማ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ነው። አምፖል ይሰብራል።

ስለ ጣሪያ ካነሳሁ፣ መረብ ገዝተን ቤት እንምታ የምትሉም አላችሁ። ጋራዥ ውስጥ አጭር አይረን ይቻል ይሆናል፤ ድራይቨር ግን ለብዙ ቤት አይሆንም። ደጅ ግቢ ካላችሁ የተሻለ ነው። የመረቡ ችግር ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አለማሳየቱ ነው። መቶ ኳስ መትታችሁ ምንም ሳታውቁ ልትገቡ ትችላላችሁ። ስለዚህ መረብ ያለ ማርከሩና ያለ ፎጣው አትጠቀሙ። የመረቡን ብረት የመታች ኳስ ወደ እናንተ እንደምትመለስም አስቡ፤ ልጅ አጠገባችሁ አይቁም።

አፓርታማ ለምንኖር ሰዎች የስፖንጅ ኳስ ነው መፍትሔው። እውነተኛዋ የጎልፍ ኳስ ክብደቷ እስከ 46 ግራም ነው፣ መስኮት አትምርም። በብዙ የሕዝብ ፓርኮች እሷን መምታት ክልክል ነው። የስፖንጅዋ ግን ቀላል ናት፣ ብዙም አትርቅም፣ ማንንም አትጎዳም። ቀዳዳ ቀዳዳ ካላት የፕላስቲክ ኳስ የስፖንጅዋ ስሜቷ የተሻለ ነው። ከ30 እርምጃ ላይ ቅርጫት አስቀምጣችሁ በአጭር ምት ሞክሩ። ልጆችም ይወዱታል።

የምቱን ፍጥነት ስለሚለኩት ራዳር ማሽኖች ብዙ አልልም። የባለሙያዎቹ ትራክማን ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። ትንንሾቹ ከ200 እስከ 600 ዶላር ይገኛሉ። ጀማሪ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ ማወቁ አይረዳውም፣ ዱላውን በፍጥነት ለመወዝወዝ ነው የሚገፋፋው። ካማራችሁ ቶፕትሬሰር የተገጠመለት ሬንጅ ፈልጉ፤ የኳሷን በረራ ስክሪን ላይ ያሳያችኋል፣ የምትከፍሉት ለኳሱ ነው።

በእጃችሁ ያለውን ስልክ ግን አትናቁት። የቀስታ ቪዲዮው በብዙ ስልኮች በሰከንድ 240 ምስል ያነሳል። ትንሽ ማቆሚያ ግዙለት። አንዴ ከኋላችሁ፣ ኢላማውን በሚያይ አቅጣጫ፣ በእጅ ከፍታ አስቀምጡት። አንዴ ከፊት ለፊት። ከፍታው ከተቀያየረ የዛሬው ቪዲዮ ከባለፈው ጋር አይወዳደርም። ቪዲዮውን ግን ኢንተርኔት ላይ ካለ ባለሙያ ጋር እያወዳደራችሁ ራሳችሁን አታሠቃዩ። ለአስተማሪ ነው የሚጠቅመው።

አስተማሪ ስል፣ ለዕቃ የያዛችሁት ገንዘብ 100 ዶላር ከሆነ ከላይ ያልኳቸው ርካሾቹ ከሩቡ ብዙ አይወስዱም። የቀረውን ለአንድ ትምህርት አድርጉት። የሕዝብ ሜዳዎች ለጀማሪ በቡድን የሚሰጡት ትምህርት ዋጋው ይቀንሳል። ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «የእኔ ትልቁ ችግር ምንድን ነው?» አስተማሪው አንድ ነገር ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ዕቃ መግዛት ትርጉም ይኖረዋል፣ ለዚያ ችግር የሚሆነውን ብቻ ትገዛላችሁና። ያገለገለ መግዛትም አያሳፍርም። ከላይ ያልኳቸው ውድ ዕቃዎች ብዙዎቹ ከአንድ ወር በኋላ ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ ይለጠፋሉ።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ዕቃ ላክልኝ ካላችሁ ደግሞ፣ አላይንመንት ስቲክ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ተጣጥፎ የሚቀጠል ዓይነት አለ፣ እሱን ላኩ። ወይም እዚያው ቀጥ ያለ የመጋረጃ ዘንግ ይፈልግ፤ ያው ነው። የስፖንጅ ኳስ ግን ላኩለት። ቀላል ነው፣ ክብደት አይበላም።

ሜዳ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሕጉን ነገር ልብ በሉ። ሬንጅ ላይ የፈለጋችሁትን ተጠቀሙ። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን አላይንመንት ስቲክ ይዞ መወዝወዝ፣ ወይም ዱላው ላይ ክብደት ጨምሮ ማሟሟቅ ክልክል ነው። ለመጀመሪያው ጥፋት በስትሮክ ጨዋታ፣ ጠቅላላ ምት በሚቆጠርበት ጨዋታ፣ 2 ምት ይቆጠርባችኋል፣ ከደገማችሁ ከውድድር ትወጣላችሁ። አቋቋምን ለማስተካከል ዘንግም ሆነ ዱላ መሬት ላይ ማጋደምም አይቻልም። ቆማችሁ ካነጣጠራችሁ በኋላ አንስታችሁት ብትመቱም ቅጣቱ አይቀርም። የጣት ቅርጽ ያለው የጎማ እጀታም ቤት ይቅር። ወዳጅ ከወዳጁ ሲጫወት ማንም አይቆጥርም፣ ውድድር ላይ ግን ይቆጠራል። ኳሷ ላይ መስመር ማስመር ግን ይፈቀዳል። ግሪን ላይ መስመሩን ወደ ቀዳዳው አነጣጥራችሁ ታስቀምጧታላችሁ። መስመሩን በማይለቅ ማርከር ሥሩት፤ የነጭ ሰሌዳው ከሆነ መጀመሪያው ግሪን ላይ ጠፍቶ ነው የምታገኙት።